ከኋላ የሚቆም አዋቂ

ከኋላዬ የሚቆም ሰው አልወድም። ትንፋሹ ጆሮዬ ላይ ካረፈ የያዝኩት ነገር ሁሉ ይበላሽብኛል። እኛ ከተማ፣ ደብረ ማርቆስ፣ የገንዘብ ማውጫ ማሽን ፊት ብቻውን የቆመ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላየሁም። አንዱ ይጫናል፣ ሁለቱ ያማክሩታል። «ደረሰኝ አትበል፣ ይቆርጥብሃል» የሚልም አይጠፋም።

ሰሞኑን ይሄ ሰው ቤቴ ድረስ ገባ። የእህቴ ልጅ ነው። ፎልአውት ኒው ቬጋስ የሚባለውን ጌም አሮጌ ላፕቶፔ ላይ የጫነልኝ እሱ ነው፤ እግዜር ይስጠው። ችግሩ ጭኖልኝ አለመሄዱ ነው። ወንበር ስቦ ከኋላዬ ተቀመጠ።

«ጋሼ፣ ያንን በር ተወው፣ ባዶ ነው።»

«ጋሼ፣ ሰውዬውን ከማናገርህ በፊት ኤፍ 5 ተጫንና ሴቭ አድርግ።»

«ጋሼ፣ እሱን አትመነው። ኋላ ጉድ ይሠራሃል።»

ገና ሰላም ያላልኩትን ሰው አስጠላኝ እኮ!

ጌሙን ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። በፈረንጆቹ 2077፣ ኦክቶበር 23፣ ዓለም በኒውክሌር ትጋያለች። ጦርነቱ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው የፈጀው፤ ከአንድ የእድር ስብሰባ ያነሰ። አንተ የምትገባው በ2281፣ አሜሪካ ውስጥ፣ ሞሃቬ በረሃ ላይ ነው። ዕቃ አድራሽ መልእክተኛ ነህ። አንድ ዘናጭ ኮት የለበሰ ሰው ጭንቅላትህን በጥይት ብሎ ይቀብርሃል። አንድ ሮቦት ቆፍሮ ያወጣህና ጉድስፕሪንግስ በምትባል ትንሽ መንደር፣ ሐኪም ቤት ውስጥ ትነቃለህ። ከዚያ በኋላ ዓለሙ ክፍት ነው። ወደፈለግህበት ሂድ ይልሃል።

ይላል እንጂ። ቬጋስ የምትባለው ከተማ በሰሜን በኩል ቅርብ ናት። መብራቷ ማታ ማታ ከሩቅ ይታያል። ቀጥ ብትል ትደርሳለህ፤ ግን መሀል ላይ ካለው ድንጋይ መፍለጫ ዴዝክሎ የሚባል ፍጡር ሰፍሯል። ጥፍሩ ማጭድ ያህላል። ከደረሰብህ አለቀልህ። የጌሙ ሠሪዎች ስለዚህ በደቡብ ያዞሩሃል፦ በፕሪም፣ በኒፕተን፣ በኖቫክ። እየዞርክ ታድጋለህ፣ እያደግህ ትደርሳለህ።

የእህቴ ልጅ ግን «ጋሼ፣ በሰሜን አቋራጭ አለ» አለኝ።

አቋራጭ ሲባል ደሜ ይፈላል። ምክንያት አለኝ። ከብዙ ዓመት በፊት ቢቸና አካባቢ ሰርግ ተጠርቼ ከመኪና ወረድኩና መንገድ ጠየቅሁ። ሰውዬው ዱላውን ትከሻው ላይ እንዳጋደመ በከንፈሩ ጠቆመኝ። «ይቻትና! ከዚች ኮረብታ ማዶ። በአቋራጭ ውጣ፣ አሁን ትደርሳለህ።» ኮረብታዋን ወጣሁ። ማዶዋ ሌላ ኮረብታ ነው። ከዚያ ማዶ ሸለቆ። ሸለቆው ውስጥ ደግሞ ሥራ ፈትቶ እኔን ሲጠብቅ የነበረ የሚመስል ውሻ። ስደርስ ሙሽሮቹ ሄደዋል፣ ሥጋው አልቋል፣ ዳሱ ውስጥ የቀሩት የሰከሩና የሚያጥቡ ብቻ ናቸው። የቀረበልኝ ጠላ አተላ ነበር።

ያ ሰውዬ አገሩን አሳምሮ ያውቃል። ግን «ሩቅ ነው» ማለት እንግዳ ማባረር ይመስለዋል። «አላውቅም» ማለትማ ጭራሽ አልተፈጠረበትም። ዛሬም ባገኘው የምለው አለኝ። ጌሙ ውስጥ ያሉት ሰዎች ይሻላሉ፤ ድንጋይ መፍለጫው አጠገብ ያለ ሠራተኛ «በዚህ አትለፍ፣ ይጨርሱሃል» ብሎ በግልጽ ያስጠነቅቅሃል። ዓለም ጠፍቶም ሰው አልጠፋም።

አበው «ምከረው ምከረው፤ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» ይላሉ። በጣም የምወደው ተረት ነው። ሰው ሁሉ ግን የያዘው የመጀመሪያውን ግማሽ ነው። ምከረው፣ ምከረው፣ አሁንም ምከረው። መከራም ተራ እንዳለው ይረሳል። ይሄ ጌም ደግሞ መከራ እንዲመክርህ ሆኖ ነው የተሠራው። ትሞታለህ፣ ትነሣለህ፣ በሌላ በኩል ትሞክራለህ። የእህቴ ልጅ መከራዬን ከእጄ ነጠቀኝ።

ጎጃም እኮ ይሄን ነገር ድሮ ያውቅ ነበር። ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ ያሉትን የቅኔ ቤቶች አስቡ። መምህሩ አገባቡን ያሳያሉ። ተማሪው ከዚያ ከሰው ርቆ፣ ዛፍ ጥላ ሥር ወይ አጥር ጥግ ይዞ፣ ብቻውን ይቆጥራል። ከሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ተነሥቶ ስምንት ቤት መወድስ እስኪደርስ ፍዳውን ያያል። ሌቭል ማለት ይሄ ነው። የቆጠረውን ለመምህሩ ይነግራል፤ ከተበላሸ ያቃኑታል፤ ነገ እንደገና። ከኋላው ቆሞ «ወርቁ እዚች ጋ ነው፣ ቆፍር» የሚል የእህት ልጅ የለበትም። ቢኖር ኖሮ መምህሩ በመቋሚያቸው ይሉት ነበር።

ወደ ምክሩ ልመለስ። ሲጀመር 7 ባሕርያት ላይ 40 ነጥብ ታከፋፍላለህ፦ ጉልበት፣ ማስተዋል፣ ጽናት፣ ካሪዝማ (የሰው መውደድ እንደማለት ነው)፣ ብልህነት፣ ቅልጥፍና፣ ዕድል። የልምድ ባለቤቶች ምክር የታወቀ ነው። ካሪዝማን ወደ 1 አውርድ፣ የተረፈውን ብልህነት ላይ ጨምር ይሉሃል። ሒሳቡ ልክ ነው፤ ብልህ የሆነ ተጫዋች ባደገ ቁጥር ብዙ ነጥብ ያገኛል። ግን እኔ ጎጃሜ ነኝ። ካሪዝማው 1 የሆነ ሰው እንኳን በሞሃቬ፣ በማርቆስ ገበያም ጤፍ ሸምቶ አይመለስም። እንዴት አደራችሁ፣ ልጆቹስ፣ ከብቱስ፣ ክረምቱ እንዴት ያዛችሁ ሳትል ማን ዋጋ ይነግርሃል? 7 ሰጠሁት። የእህቴ ልጅ ሁለት እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጫነ፤ ሰው የሞተበት ነበር የሚመስለው።

እሱስ ልጅ ነው። የሚያናድደኝ የመሥሪያ ቤቴ ሰው ነው። ጌሙን እንደጀመርኩ ሰማ፤ ቡና ሳይቀርብ መጨረሻውን ነገረኝ። ማን ከተማዋን እንደሚይዝ፣ ማን ከማን ጋር እንደሚጣላ፣ ማን እንደሚሞት። «ጊዜህን እንዳታባክን ብዬ ነው» አለኝ። ጊዜዬን ላባክን እኮ ነው የገዛሁት! ይሄው ሰውዬ ጎረቤታችን ሱቅ ሊከፍት ሲል ሲመክር የነበረ ነው። ሳንቲም አላዋጣም፣ አንድ ሣጥን አላነሣም። ሱቁ ሲዘጋ ቀድሞ የተገኘው እሱ ነው፤ «ነግሬው ነበር» እያለ። «ነግሬው ነበር» የሚል ሰው በወዳጁ ኪሳራ ይደሰታል፤ ልቅሶ ላይ ተቀምጦም ይደሰታል። ከእንዲህ ያለው ሰው ዴዝክሎ ይሻለኛል፤ ከፊት ለፊት ነው የሚመጣው።

ይልቅ እናቴን ልንገራችሁ። እሷም ከኋላ ትቆማለች፤ የሷ ግን ሌላ ነው።

ጌሙ ሃርድኮር የሚባል አማራጭ አለው። ሲከፈት ገጸ ባሕሪህ መብላት፣ መጠጣት፣ መተኛት አለበት። ጥይትም ክብደት ይኖረዋል። እኔ በርትቼ ከፈትኩት። በረሃው ውስጥ የሚገኘው ምግብ ደግሞ የበዛው ከጦርነቱ በፊት የታሸገ ነው፤ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ የቆየ። አንዱን ቆርቆሮ ከፍቼ ስበላ እማዬ ነጠላዋን እያጣፋች ቀረበች።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ባቄላ ነው እማ።»

«ባቄላ ብቻ ነው?»

እናት አትዋሽም፣ አይዋሽባትምም። «የአሳማ ሥጋ አለበት» አልኳት።

«በስመ አብ!» ብላ አማተበች። «ያውም በሁዳዴ!»

መልእክተኛው እንጂ እኔ አልበላሁም ብል ማን ይሰማኛል? ከዚያ ቀን ወዲህ መልእክተኛዬ ይጾማል። ደግነቱ ሞሃቬ የጾም ምግብ አይጠፋበትም። በቆሎ አለ። የበለስ ፍሬ አለ፤ ያው እኛው የባሕር ቁልቋል የምንለው። እማዬ በለሱን ስታይ ደስ አላት፤ «እሾሁን አራግፈህ ብላ» አለችኝ። እስካሁን ከሰማሁት ምክር ሁሉ ልቤ የገባው እሱ ነው።

ግን ቤቶቹን ስታይ አዘነች። ጠረጴዛ የተገለበጠ፣ ወረቀት የተበተነ፣ አጽም አልጋ ላይ የተኛ። ዓለም ከጠፋ ስንት ጊዜው ነው ብላ ጠየቀችኝ። ሁለት መቶ ዓመት አለፈው አልኳት። «ሁለት መቶ ዓመት ሙሉ አንድ መጥረጊያ የሚያነሣ ጠፋ? ሰው እኮ ይኖርበታል!» አለች። ይሄን ጥያቄ የውጭ አገር ተጫዋቾችም እስኪሰለቻቸው ያነሡታል፤ እስካሁን የሚያረካ መልስ አልሰማሁም። እናቴ ግን ጨረርም ሆነ ጭራቅ አላስገረማትም። ያስገረማት አለመጥረጉ ነው።

አጎቴ ደግሞ በበዓሉ ከገጠር መጣ። የዕድሜ ልክ ገበሬ ነው። ብራሚን የሚባለውን ከብት አየ። ብራሚን በጨረር የተነሣ ሁለት ራስ ያበቀለ ከብት ነው፤ ነጋዴዎች ይጭኑታል። አጎቴ ወንበሩን አስጠጋ።

«እስቲ መልሰው። አዞረው።»

አዞርኩለት።

«ቀንበሩ የት ላይ ነው የሚውለው?»

«አያ፣ አያርሱበትም። ይጭኑታል።»

«አያርሱበትም?» ዝም አለ። አገጩን ይዞ ሲያሰላ ቆየ። «በሁለት አፍ ይበላል፣ አንድ ሆድ አለው፣ አያርስም» አለ በመጨረሻ። «ይሄስ እኛ ቀበሌም አለ።»

ቀበሌ ያለው ማንን እንደሆነ አልጠየቅሁትም። ገምቻለሁ።

ገንዘባቸው ቆርኪ መሆኑን ስነግረው ግን አልሳቀም። የጠርሙስ ቆርኪ። በፈረንጆቹ 1997 በወጣው የመጀመሪያው ፎልአውት ምክንያቱ ተቀምጧል፤ የውሃ ነጋዴዎች ለቆርኪው ዋስ ሆነውለት ነው ዋጋ ያገኘው። በረሃ ላይ ውሃ ያለው ሰው ባንክ ነው። አጎቴ ይገባዋል፤ አያቶቹ ባሶ ገበያ በአሞሌ ጨው የገበያዩ ናቸው። «አሞሌ ግን ቢቸግርህ ትልሰዋለህ» አለ። «ቆርኪ ምን ይደረጋል?» በዚህ ላይ ለጌሙ ሠሪዎች የምሟገትላቸው ነገር የለኝም።

ስለ ሠሪዎቹ ካነሣሁ አይቀር፣ የአስተያየትን ጉድ ልንገራችሁ። ኒው ቬጋስን ኦብሲዲያን የሚባል ኩባንያ በ18 ወር ገደማ ሠርቶ በፈረንጆቹ 2010 አወጣው። ሲወጣ ስህተት በስህተት ነበር፤ ሰው መሬት ውስጥ ይሰምጣል፣ ጌሙ ይቆማል። እሱን አልክድም። የሃያስያን አማካይ ነጥብ ከ100 85 ቢደርስ ለኩባንያው ቦነስ ይከፈለው ነበር። ስንት መጣ? 84። ከሠሪዎቹ አንዱ ራሱ ነው በኋላ የተናገረው። አንዲት ነጥብ! ዛሬ ብዙ ተጫዋች ከፎልአውቶች ሁሉ ምርጡ ይሄ ነው ይላል። ያኔ 83ም ይሁን 84 የሰጠው ሰውዬ ግን ጽፎ ተኝቷል። የኔ የመሥሪያ ቤት ሰው ፈረንጅ ቢሆን ኖሮ ነጥብ ሰጪ ይሆን ነበር፤ እምላለሁ።

አዲሶቹ ይሻላሉ፣ የድሮው ይሻላል የሚለው ክርክር ውስጥ አልገባም። የእህቴ ልጅ በፈረንጆቹ 2015 የወጣውን ፎልአውት 4 ይወዳል፤ ቤት ይሠራበታል፣ መንደር ያቋቁምበታል። እዚያ ፕሬስተን ጋርቪ የሚባል ሰው አለ። አንዱን መንደር አድነህ ስትመለስ ሌላ መንደር ርዳታ ይፈልጋል ይልሃል። ስትመለስ ደግሞ ሌላ። ማለቂያ የለውም። ተጫዋቾች ሰውዬውን ሲያዩ ይሸሻሉ። እኔ ለመዋጮና ለልማት ደብተር ይዞ የሚዞር ሰው በር በሬን ሲያንኳኳ ነው ያደግሁት፤ ለዚህ ብዬ ላፕቶፕ አልከፍትም።

ምን እያልኩ ነበር? አዎ፣ ከኋላ መቆም። ቢቻል ከጎን ቁሙ። ካልተቻለም ተቀመጡ፣ ቡና ይፈላል፤ አፋችሁን ግን ዝጉ።

አንድ ነገር ብቻ ቀርቶኛል። ሞሃቬ ውስጥ ሰንሴት ሳርሳፓሪላ በሚባል ለስላሳ ቆርኪ ላይ አንዳንዴ ኮከብ ይወጣል። 50 ባለኮከብ ቆርኪ ለሰበሰበ ሽልማት አለ ይባላል። እኔ በልጅነቴ ከቆርኪ ሥር መኪና ይወጣል ተብሎ ስንቱን ፍቄ «እንደገና ይሞክሩ» ብቻ ያነበብኩ ሰው ነኝ፤ ይሄ ነገር ቁስሌን ነካው። እየሰበሰብኩ ነው። የእህቴ ልጅን ጠየቅሁት፤ አሁን ደግሞ ኮርቶ «ራስህ ድረስበት ጋሼ» ይለኛል። ስለዚህ የምታውቁ ካላችሁ ሽልማቱ ምን እንደሆነ አትንገሩኝ። ልፋቱ ያዋጣል ወይስ አያዋጣም? እሱን ብቻ።