የሳይንስ ትምህርት በቤት፦ ከተነደፈ ቅደም ተከተል ወይስ ከልጁ ምርመራ እንነሣ?

በአሜሪካ በሜሪላንድ ግዛት የሚኖሩ፣ ከተለያየ ቤተሰብ የሆኑ ሁለት ኢትዮጵያውያን ወላጆች ከ6ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ያሉ ልጆቻቸውን ሳይንስ በቤት ለማስተማር ወስነዋል። ያልተስማሙት ዕቅዱ ከምን ይነሣ በሚለው ላይ ነው። አባትየው በአገር ቤት ኬሚስትሪ ያስተምሩ የነበሩ ሲሆኑ እናትየው የሕክምና ላቦራቶሪ ባለሙያ ናቸው።

አባት፦

የሜሪላንድ ደንብ ልጁን በቤት የሚያስተምር ወላጅ ትምህርቱን ከመጀመሩ ቢያንስ ከ15 ቀን በፊት እንዲያስታውቅ፣ ከእንግሊዝኛና ከሒሳብ ጋር ሳይንስንም ሳያቋርጥ በሚገባ እንዲያስተምር ያዝዛል፤ የትምህርት ጽሕፈት ቤቱም በዓመት እስከ ሦስት ጊዜ የልጁን የሥራ ማኅደር ሊመለከት ይችላል። ሳይንሱ ከየት ተጀምሮ የት እንደሚደርስ ግን ደንቡ አይናገርም። ስለዚህ ያንን መወሰን የወላጁ ኃላፊነት ነው፤ ውሳኔውም ከየሳምንቱ ስሜት ጋር የሚለዋወጥ መሆን የለበትም።

የእኔ ሐሳብ የሦስቱ ዓመታት ጉዞ አስቀድሞ ይነደፍ፣ መነሻውም ቁስ አካል ይሁን የሚል ነው። ቁስ ሁሉ በዓይን ከማይታዩና ዘወትር ከሚንቀሳቀሱ ቅንጣቶች የተሠራ መሆኑን ያልተረዳ ልጅ ስለ ፎቶሲንተሲስ (ዕፅዋት በብርሃን ምግባቸውን ስለሚሠሩበት ሂደት) ቢማር፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውሃ ስኳር ይሆናሉ የሚለውን በቃሉ ይይዛል እንጂ የደረቀ ግንድ ክብደት አብዛኛው ከአየር የመጣ መሆኑን ከልቡ አያምንም። እንግዲህ 6ኛ ክፍል ለቁስ አካልና ለኃይል፣ 7ኛ ለሕያዋን፣ 8ኛ ለምድርና ለጠፈር ይሁን። እ.ኤ.አ. በ2013 በ26 ግዛቶች መሪነት ተዘጋጅቶ የወጣው፣ ሜሪላንድም የተቀበለችው የሳይንስ መስፈርት ለዚህ በቂ መመሪያ ነው።

እናት፦

ወንድሜ የጠቀሱት መስፈርት የ6ኛን፣ የ7ኛንና የ8ኛን ክፍል ይዘት በአንድነት አስቀመጠ እንጂ የትኛው በየትኛው ዓመት ይቅደም አላለም። ከዚህም በላይ ይዘቱን ከስምንት የሳይንስ አሠራሮች ጋር አቆራኝቶታል፤ ጥያቄ ማንሣት፣ ምርመራ ማቀድ፣ መረጃ መተንተንና በማስረጃ መከራከር ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። ይዘቱን በየዓመቱ ደልድሎ አሠራሩን ለትርፍ ሰዓት የሚተው ዕቅድ መስፈርቱን ግማሽ አድርጎታል።

ምን ማለቴ እንደሆነ በአንድ ሙከራ ላሳይ። በአራት ጠርሙሶች እኩል የጤፍ ሊጥ ይደረግ። ሦስቱ እኩል እርሾ ይጨመርባቸውና አንዱ ፍሪጅ፣ አንዱ ጠረጴዛ ላይ፣ አንዱ ሞቅ ያለ ቦታ ይቀመጡ፤ አራተኛው ያለ እርሾ ከጠረጴዛው ጠርሙስ ጎን ይሁን። ጋዙ እንዲወጣ ክዳናቸው ይላላ። ልጁ ጠዋትና ማታ የሊጡን ከፍታ በማስመሪያ ይለካ፤ ከላይ ከሚያቀረው ውሃ ጥቂት ቀድቶም ቀይ ጎመን በተቀቀለበት ውሃ ላይ ይጨምር፣ ሐምራዊው ቀለም ወደ ሮዝ ሲያደላ ሰዓቱን ይመዝግብ። እርሾ ያልገባበትም ሊጥ ዘግይቶ መቡካቱ አይቀርም፤ ልጁ ግን ይህን አልጠበቀም። ያቦካው ነገር ከየት መጣ? ከዱቄቱ ነው፣ ከውሃው ነው ወይስ ከጠርሙሱ? ለመለየት ሌላ ሙከራ ማቀድ ይኖርበታል። እኔ በምሠራበት ሙያ ማነጻጸሪያ የሌለው ውጤት ተቀባይነት የለውም፤ ይህን ልማድ የ11 ዓመት ልጅ ከእናቱ ቡሖ ዕቃ አጠገብ ሊለምደው ይችላል።

አባት፦

ሙከራው ግሩም ነው፤ በእኔም ዕቅድ ውስጥ ቦታ አለው። ነገር ግን ቀለሙን ወደ ሮዝ የሚለውጠው አሲድ ምን እንደሆነ ያልተማረ ልጅ ያየው የቀለም ለውጥ ብቻ ነው።

ዋናው ሥጋቴ ግን ሌላ ነው፤ ልጅ ያላጋጠመውን ነገር አይጠይቅም። እ.ኤ.አ. በ2005 በአፋር በዳባሁ አካባቢ ከምድር በታች የገባ ቅልጥ አለት 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለውን መሬት እስከ 8 ሜትር አራርቆታል። የወላጆቹ አገር በስምጥ ሸለቆው ላይ እየተከፈለች መሆኗን ልጁ ከወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ከቶ አያገኘውም፤ የሚያገኘው አስቀድሞ የተጻፈ ዕቅድ ወደዚያ ሲወስደው ነው። በተጨማሪም ከእኛ ብዙዎቻችን ማታ ፈረቃ ገብተን ጠዋት እንመለሳለን፤ የተጻፈ ዕቅድ ካለ የትዳር ጓደኛ ወይም ታላቅ ወንድም ካቆምንበት ይቀጥላል። የደኅንነቱም ነገር አለ፤ በረኪና ከኮምጣጤ ጋር ቢቀላቀል ክሎሪን ጋዝ ይወጣል፣ መርዝ ነው።

እናት፦

ስለ ደኅንነቱ ያሉት ልክ ነው፤ ያለ አዋቂ የማይነኩ ነገሮች ዝርዝር በግድግዳ ይለጠፍ። የአፋሩም ምሳሌ አሳምኖኛል፤ ወላጅ ለልጁ ጥያቄ ማምጣት አለበት።

ሆኖም በእርስዎ ድልድል ጨረቃ እስከ 8ኛ ክፍል ትጠብቃለች፤ ሰማይ ላይ ግን ዛሬም አለች። ልጁ ለሁለት ወር ያህል ቅርጿንና አቅጣጫዋን ይሣል፤ ከሙሉ ጨረቃ በኋላ ዘግይታ ስለምትወጣ ምልከታው ወደ ጠዋት ይዛወር። ብዙ ልጆች፣ አዋቂዎችም ጭምር፣ ጨረቃን የምታጎድላት የምድር ጥላ ይመስላቸዋል። ግማሽ ጨረቃንና ፀሐይን በአንድ ሰማይ ላይ ያየ ልጅ ግን ይህን ሐሳብ ራሱ ይጥለዋል። ዑደቱ 29 ቀን ተኩል ያህል መሆኑን ከደብተሩ ሲደርስበት ባሕረ ሐሳብ፣ የቤተ ክርስቲያናችን የዘመን አቆጣጠር ስሌት፣ የጨረቃን ወራት 30 እና 29 እያፈራረቀ ለምን እንደሚቆጥር ይገባዋል፤ ዓመቱ 354 ቀን ይሆናል፣ ከፀሐይ ዓመት በ11 ቀን ያንሳል፣ በዓላትን ለማውጣት የሚያገለግለው አበቅቴ የሚባለው ቁጥርም ከዚህ ልዩነት ይወጣል። ሊቃውንቱ የተጠቀሙበትን ቁጥር በገዛ ምልከታው ማግኘቱን እኔ ከማንኛውም ምዕራፍ አስበልጣለሁ።

ዕቅዴም ይህ ነው፦ ከ36 የትምህርት ሳምንታት 28ቱ እያንዳንዳቸው ሰባት ሳምንት ለሚፈጁ አራት ምርመራዎች፣ ቀሪዎቹ 8 ሳምንታት መስፈርቱን ከልጁ ማኅደር ጋር አስተያይቶ የጎደለውን ለመሙላት።

አባት፦

ስምንት ሳምንት የአንድ ዓመት ጉድለት አይሞላም። ጨረቃን ወደ 6ኛ ክፍል አምጥቻታለሁ፤ የመጀመሪያዎቹ 10 ሳምንታት ግን ለቅንጣቶች ይሁኑ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ውሃ እዚያ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ እዚህ ዝቅተኛው ሜሪላንድ ወደ 100 ይጠጋል። ስለ ቅንጣቶችና ስለ አየር ግፊት ያልተማረ ልጅ ይህን በምን ያብራራዋል?

እናት፦

አያብራራው፤ መጀመሪያ ይለካው። ለአያቱ ይደውልና በምድጃቸው ላይ የሚፈላውን ውሃ ለክተው ቁጥሩን ያንብቡለት። ቴርሞሜትራቸው ተበላሽቷል ብሎ ይጠርጥር፤ በረዶ ባለበት ውሃ ውስጥ 0 ማሳየቱን ያረጋግጡለት፣ በሌላ ቴርሞሜትርም ይደገም። ቁጥሩ አሁንም 92 አካባቢ ከሆነና ልጁ የሚለው ካጣ፣ በማግስቱ የአየር ግፊትን ያስተምሩት፤ በዚህ መንገድ ከሄዱ ስለ 10 ሳምንቱ አልከራከርዎትም።