ይድረስ ለታክሲ መውረጃችን ኩሬ

ለክቡር ኩሬ፣
አስፋልቱ ዳር፣
ባሉበት።

ጉዳዩ፦ መቼ ነው የሚሄዱት?

ክቡርነትዎ፣ በቅድሚያ ሰላምታዬ ይድረስዎ ብዬ ልጀምር ነበር፣ ግን ከግንቦት ጀምሮ ጠዋት ማታ ስንተያይ ከርመን አንቱ መባባሉ ምን ያደርግልናል፣ አንተ ልበልህ።

መጀመሪያ ስትመጣ ማንም ከቁብ አልቆጠረህም። የበልግ ርዝራዥ ነው፣ ሁለት ቀን ፀሐይ ካገኘ ይደርቃል አልን። የሚቲዎሮሎጂው ሰውዬ በቲቪ ዘንድሮ "ከመደበኛ በላይ" ይዘንባል ሲል ራሱ ጃንጥላ ከመግዛት ሌላ ምንም አላሰብንም። እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ውሃ ለካ አንተ ነህ። ሰኔ ላይ በአንድ እርምጃ እንዘልህ ነበር፣ ሐምሌ ላይ ተንደርድረን፣ አሁን ነሐሴ ላይ አሳልፈን ብለን ሽማግሌ ልንልክብህ ምንም አልቀረን። የአዲስ አበባ የዓመት ዝናብ ግማሽ ያህሉ በሐምሌና በነሐሴ ነው የሚወርደው አሉ፣ የዘንድሮውን ግን ጠቅላላ አንተው ጠቅልለህ የያዝከው ነው የሚመስለኝ።

የሚገርመኝ ምን መሰለህ፣ ይቺ ከተማ እኮ ቁልቁለት ናት። እንጦጦ ጫፉ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ አቃቂ ስትደርስ 2,100 አካባቢ ነው፣ እንጦጦ ላይ ኳስ ብትለቅ አቃቂ ሄደህ ነው የምትለቅማት። ውሃው ሁሉ ቁልቁል እየጋለበ በሚያልፍበት ከተማ አንተ ለጥ ያለ ቦታ ከየት አገኘህ? እኛ ኮንዶሚኒየም ተመዝግበን ስንት ዓመት እጣ ስንጠብቅ ያረጀን ሰዎች ነን፣ አንተ ያለ እጣ ያለ ካርታ አስፋልት ዳር ገባህ፣ እሱም ይሁን ግዴለም፣ በየሳምንቱ ማስፋፊያ መውሰድህ ግን ምን ይባላል?

መልስህን አውቀዋለሁ፣ "ዲቹን ማን ደፈነው?" ነው የምትለኝ። ባለፈው የሰፈር ልጆች በዶማ ሲቆፍሩት ቆሜ አይቻለሁ፣ የወጣው ሃይላንድ ብዛቱ፣ ፌስታል፣ የጫት ገረባ፣ ግማሽ ብሎኬት፣ የሕፃን ማጠቢያ ሳፋ። ከሃይላንዶቹ አንዱ የኔ ሊሆን ይችላል፣ አልክድም፣ በታክሲ መስኮት ነው የወረወርኩት። ግን ይሄ ደብዳቤ ስለኔ አይደለም።

ስምህ ደግሞ እንዴት እንደገነነ። ድሮ መውረጃው "ፋርማሲው ጋ" ነበር የሚባለው፣ አሁን ረዳቱ ራሱ "ኩሬው ጋ ወራጅ አለ?" ይላል። ወራጅማ አለ፣ እኛ ነን ወራጆቹ፣ አንተ ነህ እንጂ ወራጅ መሆን ያቃተህ። ዋናው መንገድ በኮሪደር ልማቱ ፋውንቴን ሲያገኝ እኛም በአቅማችን ደርሶናል፣ የኛው የሚሠራው መኪና ሲያልፍ ብቻ መሆኑ ነው። በፍልሰታ አንዲት እናት ነጭ በነጭ ለብሰው ወደ ቅዳሴ ሲሄዱ አንዱ ባለመኪና ፍጥነቱን ሳይቀንስ ገባብህና ነጠላቸው ከወገብ በታች ቡና ሆኖ ቀረ። ቆም ብለው አዩህ፣ መኪናውን ሳይሆን አንተን፣ "ፆም ላይ ነኝ" ብቻ ብለው ሄዱ። እኔ ብሆን ፆሙን እገድፍ ነበር።

ሠራተኛም ቀጥረሃል። ብሎኬት የደረደሩት ልጆች "ጋሼ፣ በብሎኬት 10 ብር፣ በጀርባ 30" አሉኝ፣ እኔ ቆጣቢው በብሎኬት አልኩ። ሐሙስ ማታ ነው፣ በረዶው ቆርቆሮውን በጠጠር ይደበድበዋል፣ መብራት የለም (የኛ ሰፈር መብራት ዝናብ አይጠብቅም፣ ደመና ሲያይ ነው የሚሄደው)። ሦስተኛው ብሎኬት ላይ ስደርስ መብረቅ ቦግ አለ፣ በሱ ብርሃን አራተኛው ብሎኬት እንደሌለ አየሁ፣ እግሬ ግን ቀድሞኝ ሄዷል። እስከ ጉልበቴ ገባሁ። እግሬ ወጣ፣ ጫማዬ አልወጣም። ልጁ "ጋሼ፣ ጫማ ማውጣት ሒሳቡ ለብቻ ነው" አለኝ፣ በዛ በረዶ ውስጥ በአንድ እግሬ ቆሜ ዋጋ ተከራከርኩ፣ በ50 ተስማማን። እጁን እስከ ክንዱ ከትቶ ሲያስስ ቆይቶ አወጣ። የሴት ነው፣ ቁጥር 38።

ጳጉሜን 3 ሩፋኤል ነው፣ የዛን ቀን የሚዘንበው ፀበል ነው ተብሎ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ራቁቱን እየዘለለ አንተም ውስጥ መግባቱ አይቀርም፣ ያኔ ላንተ ክፉ መናገር ስለሚከብደኝ ነው አሁኑኑ ልጻፍ ያልኩት። መስቀል ላይ ይደርቃል የሚሉም አሉ፣ ደመራ ላይ ዘንቦ የሚያውቅ አይመስላቸውም።

ከሰላምታ ጋር፣
የ38 ቁጥር ጫማ ባለአደራ

ግልባጭ፦
ለዲቹ
ለግራ ጫማዬ (ባለበት)