ቀላሉን እራት ማን ሠራው?

አሜሪካ ውስጥ ከኅዳር አጋማሽ ጀምሮ ሰው ሁሉ የሚጨነቀው በአንድ ነገር ነው። ዛሬ ማታ ምን ይበላል? ረሃብ ገብቶ አይደለም። ሥራ አለ፣ የልጆች ትምህርት ቤት ዝግጅት አለ፣ ስጦታ መግዛት አለ፣ እንግዳ አለ። ስለዚህ በዚህ ሰሞን ቴሌቪዥኑም ስልኩም የሱፐርማርኬቱ መግቢያም የሚያወራው ስለ ቀላል እራት ነው። ሁሉንም አንድ ትሪ ላይ ዘርግተህ ኦቨን ውስጥ ክተት። ጠዋት ስሎው ኩከር ላይ ጥደህ ውጣ፣ ማታ ስትመለስ በስሎ ይጠብቅሃል። እሱም ካቃተህ ኮስትኮ የሚባለው ትልቅ ሱቅ ጎራ በል፤ የተጠበሰ ሙሉ ዶሮ በ4.99 ዶላር አለ። ዋጋው ለዓመታት ንቅንቅ አላለም።

የምኖረው ሜሪላንድ ነው፤ የተወለድኩት ደብረ ማርቆስ። የገና ሰሞን በመጣ ቁጥር ሁለቱን ቤቶች በስልክ ሳወዳድር እከርማለሁ።

የመጀመሪያው ጣጣ የቀን መቁጠሪያው ነው። የአሜሪካኖቹ የምስጋና በዓል፣ ታንክስጊቪንግ፣ የሚውለው በኖቬምበር አራተኛው ሐሙስ ነው። የእኛ የነቢያት ጾም ደግሞ ኅዳር 15 ይገባል። የበዓሉ ቱርኪ የሚባለው ትልቅ ወፍ ኦቨን ሲገባ እኛ ወይ ጾም ይዘናል፣ ወይ ልንይዝ አንድ ሁለት ቀን ቀርቶናል። የፈረንጅ ገና ታኅሣሥ 16 ገደማ ይውላል፤ አሁንም ጾም ነው። መሥሪያ ቤት የሚዘጋው፣ ልጆች ቤት የሚውሉት፣ ጎረቤት ኩኪስ በቆርቆሮ ይዞ የሚመጣው ያኔ ነው። ኩኪሱ ደግሞ ቅቤና እንቁላል ነው። የእኛ ገና ሲደርስ ፈረንጁ ዛፉን አውጥቶ መንገድ ዳር ጥሎታል። እሱ ወደ ጂም፣ እኛ ወደ ዶሮ ወጥ።

በ2018 ዓ.ም. ገና ረቡዕ ላይ ዋለ። ልደት ነውና ረቡዕም ቢሆን ይበላል፤ አለቃዬ ግን ይህን አያውቅም። ቅዳሴው ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ ያልቃል። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሥራ መግባት አለ። እንዲህ ባለ ሳምንት "ቀላል እራት" የሚሉት ነገር ለሀበሻም አስፈላጊ ነው። አልሸሽገውም፤ ስሎው ኩከር አለን።

ግን ጎጃም በታኅሣሥ ሥራ ፈትታ የምትቀመጥ የሚመስለው ካለ አያውቃትም። ጤፉ ታጭዶ ተከምሯል። አውድማው ተለቅልቋል። ውቂያ ነው። ወንፈል የተጠራ ሰው ሁሉ ቁርስና ምሳ ይፈልጋል፣ ጠላ ይፈልጋል። የገጠሯ እመቤት በዚህ ላይ ውሃ ትቀዳለች፣ ከብት ታያለች፣ የገናውን ጠላ ትጠነስሳለች። ከሜሪላንዷ እናት ያነሰ ጥድፊያ የለባትም። ታዲያ ያን ሁሉ ሰው እንዴት ታበላለች ብትሉ፣ በሽሮ ነው። እዚህ እኔም ማክሰኞ ማታ ልጆቼን የማበላው በዚያው በሽሮ ነው።

ሽሮ አሥራ አምስት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ሽንኩርቱ ይቁላላል፣ ውሃ ይጨመራል፣ ዱቄቱ ይበተናል፣ ተንተክትኮ ሲበቃው ይወጣል። በዚህ ሰሞን ስልኬ ከሚያሳየኝ ፈጣን እራት ሁሉ ይህን የሚያህል አላየሁም። ግን አሥራ አምስት ደቂቃው ከየት መጣ? እናቴ ባቄላውን፣ አተሩን፣ ጓያውን ትለቅማለች። ታምሳለች። ትከካለች። በሰፌድ ገለባውን ትለያለች። ነጭ ሽንኩርቱን፣ ዝንጅብሉን፣ በሶብላውን፣ ኮረሪማውን፣ በርበሬውን ታዋህዳለች። ፀሐይ ላይ ታሰጣለች፤ እስኪደርቅ ከዶሮ ትጠብቃለች። ወፍጮ ቤት ወረፋ ትይዛለች። በርበሬውማ ይብሳል። የቡሬው ወይም የወምበርማው ዛላ ተገዝቶ ይመጣል፣ ይቀነጠሳል፣ ሰፈሩን ሁሉ እያስነጠሰ ይወቀጣል፣ በቅመም ይታሻል፣ እንደገና ፀሐይ፣ እንደገና ወፍጮ። ይህ ሁሉ ሲያልቅ ከዘመድ የሚሄድ ሰው ይፈለጋል። አየር መንገዱ ሁለት ሻንጣ በ23 ኪሎ ይፈቅዳል፤ ከዚያ ውስጥ ስንቱ የእናቶች ሽሮና በርበሬ እንደሆነ ዋሽንግተን ደለስ አየር ማረፊያ ቆሞ ሻንጣ ሲከፈት ያየ ያውቀዋል።

እንግዲህ የእኔ ትዝብት ይህ ነው። ቀላል እራት ሥራ የሌለው እራት አይደለም። ሥራውን ሌላ ሰው፣ ሌላ ቀን የሠራው እራት ነው። ማክሰኞ ማታ ሜሪላንድ ውስጥ አሥራ አምስት ደቂቃ የፈጀብኝ ደብረ ማርቆስ ላይ ሁለት ሳምንት የፈጀባት አንዲት ሴት ስላለች ነው። የኮስትኮውም ዶሮ ያው ነው። ሌሊት ቆሞ የሚያርደው፣ የሚገነጥለው፣ መጥበሻው ላይ የሚሰካው ሰው አለ። ከእነዚህ ሠራተኞች መሀል ሀበሻም አይጠፋም። ልዩነቱ የሽሮዋን ሠራተኛ በስሟ አውቃታለሁ፣ "እጅሽን ይባርከው" እላታለሁ። የዶሮውን አላውቀውም።

አንድ ነገር ግን ውጭ አገር በእውነት የተሻለ አለ፤ ወንዱ ማጀት ገብቷል። ወዶ አይደለም። ባለቤቴ ማታ ተረኛ ናት፤ እኔ ካልሠራሁ ልጆቹ በሲሪያል ያድራሉ። እኛ ስናድግ ማጀት የሚገባ ወንድ ስም ይወጣለት ነበር። አንድ ቀን በቪዲዮ ስደውል እናቴ ሽርጥ እንዳሰርኩ አየችኝ።

"አንተ! ምን አስረሃል? ሚስትህ የት ሄዳ ነው?"

"ሥራ ናት እማዬ። ማታ ነው የምትገባው።"

"ታዲያ አንተ ማማሰያ ጨበጥክ? ጉድ ነው!"

ሳቀች፣ ጎረቤት ጠርታ አሳየችኝ፣ ሁለቱም ሳቁብኝ። ከዚያ "ሽሮው እየጓጎለ ነው፣ እሳቱን ቀንስ" አለችኝ። ልክ ነበረች። አባቴ ግን እስከ ዛሬ ቡና እንኳ አፍልቶ አያውቅም። በበዓል ሰሞን ዶሮውን ያርዳል፤ የእሱ ድርሻ እዚያ ላይ ያበቃል። ይህን እንደ ባህል የሚያሞግስ ሰው ሳይ ይገርመኛል። በአብዛኛው ወንድ ነው።

መጋገሩ ላይ ስንመጣ ነገሩ ይጣፍጣል። ፈረንጆቹ በዚህ ሰሞን ልጆቻቸውን ሰብስበው ኩኪስ ይጋግራሉ፣ ለጎረቤት ያከፋፍላሉ። ደስ የሚል ልማድ ነው። ለቡሄ ሙልሙል እንደተቀበለ ልጅ ነው ሰው ሁሉ የሚሆነው። ግን የጎጃም መጋገር ለጾም የተመቸ መሆኑን ያስተዋልኩት እዚህ መጥቼ ነው። ድፎ ዳቦ ውስጥ ያለው ዱቄት፣ ውሃ፣ እርሾ፣ ጨው፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ድንብላል። አለቀ። እንቁላል የለ፣ ወተት የለ፣ ቅቤ የለ። ታኅሣሥ 19 ገብርኤል በጾም መሀል ሲውል ዝክሩ በዳቦና በጠላ የሚሄደው ለዚህ ነው።

ጎጃም ውስጥ በብዙ ጓሮ ኮባ አለ። እንደ ደቡቡ ሊበሉት አይደለም፤ ለዳቦ ነው። ቅጠሉ ምጣዱ ላይ ይነጠፋል፣ ሊጡ ይገለበጥበታል፣ በቅጠል ይሸፈናል፣ ክዳኑ ላይ ፍም ይደረጋል። መከራ የተደራረበበት ሰው "እንደ ዳቦ ከላይም ከታችም እሳት ነደደብኝ" የሚለው እዚህ ላይ ነው። ኦቨንም ከዚህ የተለየ ነገር አይሠራም። ሜሪላንድ ውስጥ ኮባ ባይኖርም የእስያና የላቲን ሱቆች የሙዝ ቅጠል በረዶ አድርገው ይሸጣሉ። ሊጡን ማታ አቡክቶ ፍሪጅ ማሳደር ይቻላል፤ ቅዝቃዜው ኩፉን ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም። በማግስቱ ከሥራ መልስ ብርዱ ለቀቅ እስኪለው ጠብቆ በ180 ዲግሪ አንድ ሰዓት ገደማ መጋገር ነው። ሰፈሩ በሙሉ ይሸትተዋል። የፎቁ ጎረቤቴ በር አንኳኩታ ጠይቃኛለች።

ለልጆቹ ደግሞ የጾም ኩኪስ እንሠራለን። ቅቤውን በዘይት፣ እንቁላሉን በተልባ። አንድ የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ በሦስት ማንኪያ ውሃ ተበጥብጦ ትንሽ ሲቆይ ዝልግልግ ይላል፤ ያ አንድ እንቁላል ይተካል። ቪጋን የሚባሉት ፈረንጆች እንደ ትልቅ ግኝት ነው የሚያወሩት። የጎጃም ሴቶች በጾም ተልባ በጥብጠው ሲጠጡ ስንት ዘመናቸው! ከተልባ ወደ ኑግ ካለፍኩ አይቀር፣ ኑግ አሜሪካ ውስጥ የወፍ ምግብ ነው። ከኢትዮጵያና ከህንድ ይመጣል፣ እንዳይበቅል በሙቀት ይመታል፣ ከዚያ በየጓሮው ለወፍ ይንጠለጠላል። የሜሪላንድ ወፍ ዓመቱን ሙሉ ጾመኛ ነው።

ታናሽ እኅቴ በበኩሏ የእነሱን ኬክ ደብረ ማርቆስ ላይ ለመጋገር ትታገላለች። ከዩቲዩብ ያየችውን ግራም በግራም ተከትላ ጋገረች። ኬኩ ጉብ አለ፣ ከዚያ መሀሉ ወረደ። ጥፋቱ የእሷ አይደለም። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር ከፍ ትላለች። አየሩ ስስ ስለሆነ ሊጡ ውስጥ ያለው ጋዝ ቶሎ ያብጣል፤ ኬኩ ሳይጠነክር ይነፋና ይወድቃል። ቤኪንግ ፓውደሩን ቀነስ፣ ፈሳሹን ጨመር ማድረግ ነው። ውሃም እዚያ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ነው። ባቄላ ንፍሮ ያን ሁሉ እንጨት የሚፈጀው አንድም ለዚህ ነው። ድፎ ዳቦ ግን እዚያው ተወልዶ ያደገ ነው፤ ከፍታው ምንም አይለውም። በበዓል ዋዜማ የሚያስቸግረው መብራቱ ነው። የእንጀራ ምጣድ ከሦስት ኪሎዋት በላይ ይስባል። ሰፈሩ ሁሉ በአንድ ምሽት ሲሰካ አምፖሉ ወደ ኩራዝነት ይወርዳል።

ከተማው ውስጥ ነገሩ እየተለወጠ ነው። ደብረ ማርቆስም ባሕር ዳርም ባልትና ቤት ሞልቷል። ሽሮው ተዘጋጅቶ፣ በርበሬው ተፈጭቶ፣ እንጀራው ተጋግሮ ይሸጣል። መምህርት ወይም ነርስ የሆነች ሴት ባቄላ የምታምስበት ሁለት ሳምንት ከየት ታመጣለች? ዳያስፖራው ግን ለበዓል ሲሄድ ይህን አይቶ "ባህል ጠፋ" ይላል። ፍሪጁ ውስጥ በላስቲክ የታሸገ እንጀራ ያለው ሰው ነው እንዲህ የሚለው። ባልትና ቤቷ ውስጥ የምትሠራዋ ሴት ቢያንስ ደሞዝ አላት። ለእናቴ የከፈላት የለም። መንገድ በተዘጋጋበት ሰሞን ሽንኩርቱም ዶሮውም ዋጋው ሲሰቀል ባልትና ቤቱም ይወደዳል፤ ያኔ ሁሉም ወደ እናቱ ጓዳ ይመለሳል።

የረቡዑን ገና እንዴት ተወጣነው ለሚለኝ፣ እሑድ ቁሌቱን ሠራን። ለአንድ ዶሮ ሁለት ኪሎ ገደማ ቀይ ሽንኩርት፣ በዘይት ብቻ። እሑድ ገና ጾም ነው፤ ቅቤ ከገባበት መቅመስ አይቻልም፣ ሳይቀምሱ ደግሞ በርበሬ መመጠን ከባድ ነው። በዘይት የተቁላላ ግን ቢቀመስም አያስገድፍም። ቀዝቅዞ ፍሪጅ ገባ። ዶሮውን በሎሚና በጨው አጥበን ዘፈዘፍን። ማክሰኞ ማታ ቤተ ክርስቲያን ከመሄዳችን በፊት ቁሌቱን፣ ዶሮውን፣ ንጥር ቅቤውን ስሎው ኩከር ላይ ጥደን ወጣን። ሌሊት ስንመለስ ደርሷል። እንቁላል ቀቅሎ ጣል ማድረግ ብቻ ነበር የቀረው። ዳቦው ከዋዜማው ተጋግሮ ነበር።

ለእናቴ ሂደቱን በስልክ ስነግራት በዝምታ ሰማችኝ። የቅቤውን ነገር አጸደቀች። ዶሮው ላይ ግን ቅር አላት። እኛ የምንገዛው እግርና ታፋ ነው፤ አሥራ ሁለት ብልት ማውጣት እዚህ ማንም አይችልም።

"ታዲያ ፈረሰኛውን ለማን አወጣችሁ?"

"የለም እማዬ። ሁሉም እግር ነው።"

"ሁሉም እግር!" አለች። "ሩጫ እንጂ ሌላ ምን ይበቅልበታል።"

ከዚያ ወደ ራሷ ጉዳይ ገባች። ባለፈው ለሄደ ሰው ሰጥቼ የላክሁላት ሽንኩርት መክተፊያ ማሽን ቤት የለም። የሠፈሩ ሴቶች ለገና ሽንኩርት ተቀባብለውት፣ ከቤት ቤት እየዞረ፣ አሁን የት ቤት እንዳለ እሷም አታውቅም። ሌላ ላክ ነው የምትለው። የእዚህ አገሩ 120 ቮልት ስለሆነ አይሆናትም፤ የ220ውን እየፈለግሁ ነው። የሚሄድ ሰው ካለ ይንገረኝ፤ ሁለት ኪሎ አይሞላም።