በአንድ ኮርስ ስም ኮርስ ተኩል

እ.ኤ.አ. በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ ዩኒቨርሲቲዎችን ሲያዘጋ፣ መምህራን በጥቂት ቀናት ውስጥ ካሜራ ከፍተው የለመዱትን ሌክቸር መስጠታቸው የሚያስመሰግናቸው እንጂ የሚያስወቅሳቸው አልነበረም። በዚያው ዓመት ስለ ጉዳዩ የጻፉ የዘርፉ ባለሙያዎች አሠራሩን «የአስቸኳይ ጊዜ የርቀት ማስተማር» ብለው ሰይመው፣ አስቀድሞ ታስቦበት ከሚነደፍ የኦንላይን ትምህርት ጋር እንዳይምታታ አሳስበዋል። ማሳሰቢያው ብዙ ሰሚ ያገኘ አይመስለኝም። ጭንቁ ካለፈ በኋላም በየቦታው «ቅይጥ ትምህርት»፣ ማለትም የክፍልና የኦንላይን ጥምር፣ እየተባለ የሚጠራው ያው የድንገቴው አሠራር ነው፤ ስላይዱና ተቀርጾ የተቀመጠው ሌክቸር ሙድል በተባለው የኦንላይን መማሪያ ሥርዓት ላይ ይጫናል፣ የክፍሉም ሌክቸር እንደ ቀድሞው ይቀጥላል፣ ተማሪውም በአንድ ኮርስ ስም ኮርስ ተኩል ይማራል።

ቅይጥ ኮርስ ሲነደፍ ከሁሉ በፊት የተማሪው ሰዓት ይቆጠር የምለው ለዚህ ነው። በአውሮፓ የክሬዲት ሥርዓት አንድ ክሬዲት ከ25 እስከ 30 ሰዓት የሚደርስ የተማሪ ሥራ ነው፤ ክፍል መግባቱም፣ ንባቡም፣ አሳይመንቱም፣ የፈተና ዝግጅቱም እዚያው ውስጥ ይደመራሉ። ባለ 5 ክሬዲት ኮርስ እንግዲህ ከ125 እስከ 150 ሰዓት ይጠይቃል፤ ለ15 ሳምንት ሲካፈል በሳምንት ከ8 ሰዓት ጥቂት ከፍ ካለ አንሥቶ እስከ 10 ሰዓት ይደርሳል። አሁን ስታንዳርድ ዲቪየሽንን፣ ማለትም ቁጥሮች ከአማካያቸው ምን ያህል እንደሚራራቁ፣ የሚያስተምር አንድ የስታቲስቲክስ ሳምንት እንውሰድ። ክፍል 4 ሰዓት፣ ንባብ 3 ሰዓት፣ መልመጃ 3 ሰዓት፤ በዚህ ብቻ 10 ሞላ። በላዩ ላይ እያቆሙና ማስታወሻ እየያዙ ሲያዩት 2 ሰዓት የሚፈጅ ቪዲዮ፣ የ1 ሰዓት የፎረም ውይይትና የ1 ሰዓት ኩዊዝ ሲታከል 14 ይሆናል። ተማሪው ይህን ሁሉ አይሠራም፤ የቱን እንደሚተው የሚመርጠው ግን እሱ ነው፣ ብዙ ጊዜም የሚተወው ማርክ የሌለውን ንባብ ነው።

«ጥናቶች ቅይጥ ትምህርት እንደሚበልጥ አሳይተዋል» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። የአሜሪካ የትምህርት ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2009 አውጥቶ በቀጣዩ ዓመት ያሻሻለው የጥናቶች ግምገማ በእርግጥ በቅይጥ የተማሩት በክፍል ብቻ ከተማሩት የተሻለ ውጤት እንዳገኙ ዘግቧል። ነገር ግን ያው ዘገባ በቅይጡ ወገን ተጨማሪ የመማሪያ ጊዜና ተጨማሪ ይዘት ስለነበር ልዩነቱን ከመሣሪያው ብቻ መጣ ማለት እንደማይቻል ያስጠነቅቃል። የትምህርት ተመራማሪው ሪቻርድ ክላርክ እ.ኤ.አ. በ1983 የማስተማሪያ መሣሪያን ምግብ ከሚያመላልስ የጭነት መኪና ጋር አመሳስሎት ነበር፤ መኪናው ስለተለወጠ የበላተኛው ጤና አይለወጥም። ክላርክ ትንሽ ሳያጋንን አልቀረም እላለሁ፣ ምክንያቱም መኪናው የማይደርስበት ቦታ ያለ ሰው ጨርሶ አይበላም።

ያንኑ ሳምንት ከመጨረሻው፣ ማለትም ተማሪው በፈተና ላይ ሊሠራ ከሚገባው ነገር ተነሥተን እንንደፈው። ተማሪው ቪዲዮ ከማየቱ በፊት ጥያቄ ይቀርብለታል፦ ሁለት የአውቶቡስ መስመሮች በአማካይ እኩል 20 ደቂቃ ይወስዳሉ፣ የእያንዳንዳቸው የ10 ቀን መዝገብ ይኸው፤ ፈተና ያለብህ ቀን በየትኛው ትሄዳለህ? ግምቱንና ምክንያቱን በሦስት ዓረፍተ ነገር ይጽፋል። ከዚያ 6 ደቂቃ ገደማ የሆነ ቪዲዮ ያያል። ቁጥሩን ዝም ብዬ አላነሣሁትም፤ ኤድኤክስ በተባለው የኦንላይን ኮርሶች መድረክ ላይ 6.9 ሚሊዮን የቪዲዮ ምልከታዎችን መርምሮ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ጥናት፣ ቪዲዮው የቱንም ያህል ቢረዝም ተማሪዎች አብረውት የሚቆዩበት መካከለኛ ጊዜ ከ6 ደቂቃ እንደማይዘል አሳይቷል። ቀጥሎ ማርኩ እዚህ ግባ የማይባል፣ አምስት ጥያቄ ያለው ኩዊዝ ይመጣል። ኩዊዙ ለመቆጣጠሪያ ሳይሆን ለማስታወስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2006 የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሮዲገርና ካርፒክ ባሳተሙት ሙከራ ጽሑፉን ደጋግመው ያነበቡት ከሳምንት በኋላ 40 በመቶውን ሲያስታውሱ፣ በአንድ ዙር ብቻ አንብበው ከዚያ ደጋግመው የተፈተኑት 61 በመቶውን አስታውሰዋል። መምህሩ ማታ ግምቶቹን ያነባል፤ ጠዋት ክፍል ሲገባ ማን ምን እንደሳተ ያውቃል፣ ስላይድ ሳይከፍት የተለያየ መስመር የመረጡትን ሁለት ቡድኖች ያከራክራል። ሌክቸሩ ስለወጣ ክፍሉ 2 ሰዓት ይበቃዋል።

ስለ ፎረም ደግሞ የራሴን ጥፋት ልናገር። «አንድ ሐሳብ ጻፉ፣ ለሁለት ጓደኞቻችሁም መልስ ስጡ» የሚል መመሪያ ለ40 ተማሪዎች ሰጥቼ 120 መልእክት ደረሰኝ፤ አብዛኛው «ግሩም ሐሳብ ነው፣ እስማማለሁ» የሚል ነበር። ተማሪዎቹን ሰነፎች ብዬ ተበሳጨሁ፤ ቆይቼ ሳየው ግን የጠየቅሁት የመልእክት ቁጥር ስለነበር የሰጡኝም ቁጥር ነው። በቀጣዩ ሴሚስተር ለየቡድኑ የተለያየ መረጃ ሰጥቼ ውሳኔያቸውን እንዲያስረዱ፣ ሌላው ቡድን ደግሞ የስሌታቸውን ስሕተት እንዲያወጣ አደረግሁ። መልእክቱ በሲሶ ቀነሰ፣ ጠቡ ግን የሚነበብ ሆነ።

የኢንተርኔቱን ጉዳይ ባጭሩ ላንሣው፦ የአንድ ሰዓት ድምፅ በሴኮንድ በ64 ኪሎቢት ሲቀረጽ 29 ሜጋባይት ገደማ ብቻ ነው፣ ጥራት ያለው ቪዲዮ ግን የዚህን ብዙ እጥፍ ይሆናል። ፊት ማየት ለትምህርቱ በማያስፈልግበት ቦታ ድምፅና አንድ ገጽ ጽሑፍ ማቅረብ ዳታ ቆጥሮ ለሚገዛ ተማሪ ትልቅ ልዩነት ነው።

ይህ ሁሉ የመምህሩን ጊዜ ይጠይቃል፣ ተቋማት ሊሰሙት የማይወዱት ነገርም ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 የተመሠረተው የብሪታንያው ኦፕን ዩኒቨርሲቲ ኮርሶቹን በአንድ መምህር ትከሻ ላይ ሳይጥል በቡድን እንዲዘጋጁ ያደረገው የርቀት ኮርስ ዋናው ሥራ ተማሪው ከመመዝገቡ በፊት የሚያልቅ መሆኑን ስለተረዳ ነው። ዛሬ በብዙ ቦታ የኦንላይን ዝግጅት ከመምህሩ የሥራ ጫና ስሌት ውስጥ አይገባም። የትምህርት ክፍሎች የሚያስሞሉት የኮርስ ቅጽም ይዘት፣ ማጣቀሻና የምዘና ድርሻ ይጠይቃል እንጂ የተማሪውን ሰዓት አይጠይቅም። እኔ ብጠየቅ በዚያ ቅጽ ላይ ሁለት ዓምድ እጨምር ነበር፦ አንዱ እያንዳንዱ ሥራ ከተማሪው ስንት ሰዓት እንደሚወስድ፣ ሌላው አዲስ ነገር ኦንላይን ሲገባ በምትኩ ከክፍሉ ምን እንደወጣ የሚጻፍበት፤ ሁለተኛው ባዶ ሆኖ የመጣ ቅጽም አይጽደቅ።