ባነሩ ይሰቀል፣ ማሩ ይደርሳል

የማር አምራች ማኅበራትን ለገበያ የሚያበቁልን ደጋፊዎች ውለታቸው ተቆጥሮ አያልቅም። ወቅት አመራረጣቸው ብቻውን ምስጋና ይገባዋል። በአብዛኛው የአገራችን ደጋና ወይና ደጋ ዋናው ማር ቆረጣ ጥቅምትና ኅዳር ነው፤ «የምርት ጥራትና የገበያ ትስስር» ሥልጠናው ግን ሰኔ ላይ ይሰጣል፣ በጀት ሊዘጋ ቀናት ሲቀሩት። ማር በሌለበት ስለ ማር መምከር እንዴት ያለ ንጹሕ ሥራ ነው! እጅ አይጣበቅ፣ ንብ አይናደፍ፣ አበሉም በሰዓቱ ይፈረማል።

ከዚያ ዘመናዊ ቀፎ ይታደላል፤ ባለ 10 ፍሬም (የእንጨት ክፈፍ)፣ የለጋሹ ዓርማ በደማቁ የተቀባበት። ፍሬሙ ላይ የሚወጠረው፣ የማር እንጀራ ቅርጽ የታተመበት ስስ ሰም አብሮ አይመጣም፤ ማሩን እያሽከረከረ የሚያወጣው ማጣሪያም ቀርቷል። ሰም የሌለው ፍሬም ላይ ንብ የማር እንጀራዋን አጣምማ ትሠራና ፍሬሞቹን እርስ በርስ ታያይዛቸዋለች። ገበሬውም በባህላዊው ቀፎ እንደለመደው በቢላዋ ቆርጦ በእጁ ይጨምቃል። ቀፎው እንደሆነ አይከስርም፤ ዶሮ ትታቀፍበታለች።

ማሸጊያው ደግሞ ሌላ ጥበብ ነው። በግማሽ ሊትር ብልቃጥ ላይ «1 ኪሎ» የሚል ወረቀት ይለጠፋል። አንድ ሊትር ማር ወደ 1.4 ኪሎ ስለሚመዝን ብልቃጧ ብትሞላም ከ700 ግራም ብዙም አታልፍም፤ የጎደለውን 300 ግራም ገዢው በአገር ፍቅር ይሙላው። «ኦርጋኒክ» የሚለውም ተጽፏል፤ ማን አረጋገጠ ብሎ መጠየቅ ነገር ፍለጋ ነው። ማሩ የየትኛው ቆረጣ እንደሆነ የሚነግር የምድብ ቁጥር ግን ቦታ አልተገኘለትም፤ የደጋፊዎቹ ዓርማ ተደርድሮ ሞልቶታል።

በአንድ እጅ የምትያዝ፣ ሬፍራክቶሜትር የምትባል መለኪያ አለች። አንድ ጠብታ ማር መስታወቷ ላይ አድርገው ወደ ብርሃን ሲያዩባት የውኃውን መጠን ትናገራለች። ከ20 በመቶ ካለፈ ማሩ የመቡካት አደጋ አለበት፤ ክዳን ገፍቶ አረፋ የሚያወጣው እንዲህ ያለው ነው። ብዙ ጊዜ መንስኤው ንቦቹ እንጀራውን በሰም ሳያሽጉት ተቻኩሎ መቁረጥ ነው፤ ቢያንስ ሦስት አራተኛው እስኪታሸግ መጠበቅ ያሻል። ይህችን መለኪያ ግን ማንም አይገዛም፣ ትክክልም ነው። ፎቶ ላይ አትታይማ! ባነር ሦስት ሜትር ነው።

ባዛር ላይ ደግሞ ነጩ ማር ይረጋል፣ ገዢውም «ስኳር አለበት» ብሎ ይሄዳል። መርጋት የማር ጠባይ ነው፤ ብልቃጡን ከ40 ዲግሪ በማይበልጥ ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ማቆየት ይመልሰዋል። ይህን የምትል አንዲት መስመር ወረቀቱ ላይ ብትሰፍር ስንት ገዢ በቀረ። ግን መስመሯን የሚጽፍ ባለሙያ የመደብ ቀለም ምርጫ ላይ ተጠምዷል። እስከዚያው ሻጩ ማሩን እሳት ላይ ይጥደዋል፤ ይጠቁራል፣ መዓዛውም ይጠፋል።

ከሁሉ የሚያስቀናው ነጋዴው ነው። ማኅበሩ አባሉን «ሲሸጥ እንከፍልሃለን» ሲለው፣ እሱ ጥሬ ብር ይዞ ደጃፍ ድረስ ይመጣል። ማሩን ከነሰፈፉ፣ ከነእጩ፣ ከነጭስ ሽታው ይረከብና ወደ ጠጅ ቤት ይልከዋል። አባሉም ልጁን ትምህርት ቤት ማስገባት ስላለበት ለእሱ ይሸጣል። ማኅበሩ በቆረጣ ሰሞን ለአባላት የሚከፍለው የሥራ ማስኬጃ ገንዘብ ይኑረው ቢባል «ከፕሮጀክቱ ዓላማ ውጭ ነው» ይባላል። ቲሸርት ዓላማው ውስጥ አለ።

አሁን ደግሞ ኤክስፖርት ተጀምሯል፣ በስላይድ። አገራችን ወደ አውሮፓ ኅብረት ማር ከሚልኩ አገሮች ዝርዝር የገባችው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው፤ እዚያ ለመቆየት ማሩ ውስጥ የመድኃኒትና የፀረ ተባይ ቅሪት መኖር አለመኖሩን በዕቅድ መከታተል ግድ ነው። ስላይዱ ስለዚህ አንድም ቃል የለውም። አውሮፕላኑ ግን ቆንጆ ሆኖ ተስሏል።