ማስታወሻቸው በሜትር ለሚለካው ለአቶ ኮንትሮለር፣ ባሉበት

ጉዳዩ፦ በጡረታ ስለመሰናበት

በሞዲፊክ ቤታችን የሚገኘውን ብረት ቀራጭ ሚሊንግ ማሽን ከተሠራበት ቀን ጀምሮ ሲመሩ የቆዩት እርስዎ በቅርቡ በሌላ ስለሚተኩ፣ ወሬው ከሌላ ሰው አፍ ከሚደርስዎ ከእኔ ቢሰሙት ይሻላል በሚል ይህ ደብዳቤ ተጽፎልዎታል። የሠራዎትን ፋብሪካ ስም አልጠራም፤ ወደ አርባ ዓመት ስለተጠጋ ልጅ ጠባይ ወላጅን መውቀስ በእኛ ዘንድ ነውር ነው። ቅሬታዬ ከማሽኑ ጋር እንዳልሆነም ይታወቅልኝ። ከባዱ የብረት አካሉ ዛሬም አይንቀጠቀጥም፤ ጠረጴዛውን የሚገፋው ቦል ስክሩም ገና ጤነኛ ነው። የታመመው ጭንቅላቱ ነው፤ ጭንቅላቱ ደግሞ እንቅስቃሴውን በፕሮግራም የሚያዝዙት እርስዎ ነዎት።

በመመሪያ መጽሐፍዎ የማስታወሻዎ መጠን «80 ሜትር» ተብሎ ተጽፏል። ይህን ያነበበው ወጣት ሠራተኛችን «ጋሼ፣ የኬብሉ ርዝመት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ፤ አልፈረድኩበትም። በእርስዎ የወጣትነት ዘመን ፕሮግራም የሚቀመጠው በተበሳ የወረቀት ጥብጣብ ላይ ስለነበር ማስታወሻም እንደ አቡጀዲ በሜትር ይለካ ነበር። አንድ ፊደል 2.54 ሚሊ ሜትር ጥብጣብ ስለሚወስድ፣ 80 ሜትሩ ቢመነዘር ወደ 31,500 ፊደል ነው። ዛሬ ደንበኛ ይዞልን የሚመጣው የፕላስቲክ ዕቃ መቅረጫ ሞልድ ፕሮግራም ግን 2 ሚሊዮን ፊደል ቢሆን የሚገርመው የለም። በመሆኑም ከኮምፒውተር በኬብል እየቆነጠርን ልናጎርስዎ ተገደናል። በ4,800 ቦድ የመላኪያ ፍጥነት ሲጎርሱ በሴኮንድ ከ480 ፊደል በላይ ስለማይውጡ፣ ያን አንድ ሞልድ ብቻ ለመጨረስ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጅብዎታል። ጉርሻው ሲዘገይብዎም መቁረጫውን ብረቱ ላይ እንዳሳረፉ ቆመው ይጠብቃሉ፤ በቆሙበት ቦታ ሁሉ ሞልዱ ላይ ጠባሳ ይቀራል፤ ጠባሳውን በብርጭቆ ወረቀት ሲፍቅ የሚያመሸው ያው ስለ ኬብሉ የጠየቀው ልጅ ነው።

ይህንንስ በዕድሜዎ አሳብበን በቻልነው ነበር። ያልተቻለው የባትሪ ድንጋዩ ነገር ነው። የማሽኑን ጠባይ ሁሉ፣ ማለትም ስንት አክሲስ (የመንቀሳቀሻ አቅጣጫ) እንዳለው፣ እያንዳንዱ እስከ የት እንደሚሄድና ዜሮው የት እንደሆነ፣ ኃይል ሲጠፋ እንዳይረሱት የሚይዙልዎ ሦስት ትልልቅ የባትሪ ድንጋዮች ናቸው። መመሪያዎ ድንጋዮቹ በየዓመቱ ይቀየሩ፣ ሲቀየሩም ማሽኑ እንደበራ ይሁን ይላል። ይህን ሕግ ያረቀቀው መሐንዲስ መብራት መጥቶ የማይሄድበት አገር የኖረ ሰው እንደነበር አያጠራጥርም። እኔ ግን ባለፈው ክረምት አንድ ከሰዓት በኋላ ሦስቱን አሮጌ ድንጋዮች አውጥቼ፣ ሁለቱን አዲሶች አስገብቼ፣ ሦስተኛውን ከላስቲኩ በጥርሴ እየፈለቀቅሁ ሳለ የማራገቢያዎ ድምፅ ቀስ እያለ ሲሞት ሰማሁ። ከጎረቤት ወፍጮ ቤትም ጸጥታው ተከተለ።

መብራቱ ሲመለስ አንዳች ነገር አያስታውሱም ነበር። ባርኔጣዬን አውልቄ የካቢኔዎን በር ከፈትኩ፤ ከበሩ ጀርባ የተለጠፈው፣ ያንኑ የማሽኑን ጠባይ የሚዘረዝረው የፓራሜትር ወረቀት አርባ ዓመት ሙሉ ዘይት ጠጥቶ እንደ ፍትፍት ለስልሷል። ስምንት ስምንት ሆነው የተደረደሩትን ዜሮዎችና አንዶች በባትሪ መብራት እያየሁ ሁለት ቀን ሙሉ ስጽፍልዎ ከረምኩ። በአንዱ መስመር ላይ ዘይቱ የበላው አሃዝ ዜሮ ይሁን አንድ መለየት አቃተኝና አንድ ብዬ ገመትኩ። ዜሮ ነበር። ወደ ዜሮ ቦታ ተመለሱ ብዬ ሳዝዝዎ ጠረጴዛውን ወደ ተቃራኒው ጫፍ ነድተው የጉዞው ወሰን ጠባቂ ከሆነው ሊሚት ስዊች ጋር አጋጩት፤ ከዚያም በአረንጓዴው ስክሪንዎ ላይ «አላርም» ብለው እኔኑ ከሰሱኝ። ያ ቃል ከብዛቱ የተነሣ መስታወቱ ላይ ተቃጥሎ ስለቀረ ዛሬ ማሽኑ ጠፍቶም ይነበባል።

ቦታዎ ክፍት መሆኑ እንደተሰማ አመልካች አልጠፋም። ቀድመው የመጡት የታላላቅ ቤት ልጆች፣ እነ ሲመንስ፣ እነ ፋኑክ፣ እነ ሃይደንሃይን ናቸው። በሥራቸው የሚጠረጥራቸው የለም፤ ነገር ግን እንደ ሲመንስ 828ዲ ያለው ሹም የሚመጣው ሞተሮቹን ከሚነዱት ከራሱ ድራይቮች ጋር ስለሆነ፣ ሙሽራዪቱን ብቻ ልናመጣ ስናስብ ሚዜዎቿንና ድንኳኑንም በውጭ ምንዛሬ መግዛት ሊኖርብን ነው። የሒሳቡን ድምር ሳየው ማሽኑን ከገዛንበት ዋጋ በልጦ አገኘሁትና ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት።

ቀጥሎ ማክ3 ቀረበ። በዊንዶውስ ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ፣ ርካሽና ተግባቢ ልጅ ነው። ሆኖም በድሮው የፕሪንተር መሰኪያ፣ በፓራለል ፖርት፣ የሚሠራው ባለ 32 ቢት ዊንዶውስ ላይ ብቻ በመሆኑ፣ አሮጌ ኮንትሮለር ለመሸኘት አሮጌ ኮምፒውተር ፍለጋ ልንሰማራ ነው። ከዚህም ሌላ የእርሱ አሠራር «አንድ እርምጃ ሂድ» እያሉ ማዘዝ እንጂ መሄዱን ዞር ብሎ መጠየቅ አይደለም። የእኛ ድራይቮች ደግሞ የሚገባቸው ቋንቋ ከዜሮ በታች 10 እና ከዜሮ በላይ 10 ቮልት መካከል የሚወጣና የሚወርድ ቮልቴጅ ብቻ ነው። በመሐል አንድ ስም የለሽ የቻይና ሳጥንም አመልክቶ ነበር፤ መመሪያው ላይ «ቢላዋውን በደስታ አስቀምጥ» የሚል ትርጉም ካነበብኩ በኋላ ቃለ መጠይቁን አቋረጥኩ።

የተመረጠው በኮምፒውተር ላይ ሆኖ ማሽን የሚመራው ነጻ ፕሮግራም ሊኑክስሲኤንሲ ነው። የዘር ሐረጉ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የአሜሪካ መንግሥት የስታንዳርድና የቴክኖሎጂ ተቋም ከጀመረው ሥራ ይመዘዛል፤ ለራሱ ደመወዝ አይጠይቅም፤ ወጪው ኮምፒውተሩና ከማሽኑ ጋር የሚያገናኘው የሜሳ ካርድ ናቸው። ያ ካርድ ድራይቮቻችንን በሚያውቁት ቮልቴጅ ስለሚያናግራቸው ሞተሮቹም ድራይቮቹም ከሥራቸው አይፈናቀሉም። በሞተሩ ላይ ያለው ዙር ቆጣሪ፣ ባለ 2,500 መስመሩ ኢንኮደር፣ እያንዳንዱን መስመር አራት ጊዜ እየቆጠረ በአንድ ዙር 10,000 ጊዜ ይቆጥራል፤ ቦል ስክሩ በአንድ ዙር 10 ሚሊ ሜትር ስለሚሄድ እያንዳንዱ ቁጥር አንድ ማይክሮን ነው፤ ተተኪዎ ደግሞ በሴኮንድ 1,000 ጊዜ «የት ደረስክ?» እያለ ይጠይቃል። መልአክ ነው አላልኩም። ከተጻፈለት ትእዛዝ አንድ መስመር ሲዛባበት አልነሣም ይላል፤ ስሕተቱን የሚያርምበት ኃይል፣ ጌይኑ፣ ትንሽ ከበዛም ሞተሩ እንደተነካ የንብ ቀፎ ያጉረመርማል። የአደጋ ጊዜውን ቀይ ቁልፍም ለእርሱ አላስረክብም፤ እንደ ጥንቱ የማሽኑን ኃይል የሚያገናኘውን ኮንታክተር በቀጥታ ሽቦ እያጠፋ ይቀጥላል። ልቤን የማረከው ሌላ ነገር ነው፦ የሚያውቀው ሁሉ በተራ የጽሑፍ ፋይል ተጽፎ ይቀመጣል። ማታ ወደ ቤት ስሄድ ማስታወሻውን በፍላሽ ቀድቼ ኪሴ ውስጥ ከቁልፎቼ ጋር ይዤው እሄዳለሁ፤ መብራት ቢሄድም ይሂድ።

ስንብትዎ በዚህ ደብዳቤ ዕለት ይጸና ዘንድ ፈልጌ ነበር፤ ሆኖም የመቁረጫ መለዋወጫው ክንድ በምን ቅደም ተከተል እንደሚሠራ ከእርስዎ በቀር የሚያውቅ ስለሌለ፣ ቴስተር ይዤ ሽቦ በሽቦ ተከትዬ እስክጽፈው ድረስ ጥቂት ሳምንታት ያስፈልጉኛል። በዚህ ላይ ለቅዳሜ የተቀጠረ የጠርሙስ ክዳን ሞልድ በእጅዎ ይገኛል። ስለዚህ እስከዚያው በሥራ ገበታዎ ላይ እንዲቆዩና በተለይም ምንም ነገር እንዳይረሱ በትሕትና እጠይቃለሁ። ሦስት አዲስ ድንጋዮች ገዝቼ፣ ላስቲካቸውንም አስቀድሜ ፈልቅቄ፣ ከካቢኔዎ አናት ላይ አስቀምጬልዎታለሁ።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦ ለጎረቤት ወፍጮ ቤት፣ መብራት ሲሄድ ቀድመው እንዲጮኹልን