ቡቺ አላረገዘችም ነበር

«ሆዷ ገፍቷል። ዘንድሮ ግቢውን በቡችላ ልትሞላልኝ ነው» አለችኝ ወሎ፣ ሐይቅ ከተማ ያለችው አክስቴ በስልክ። ቡቺ ቤት አትገባም፤ አክስቴ የምትሰግድበት ቤት ነዋ። ግን ጅብ ሲመጣ ቀድማ የምትጮኸው እሷ ናት። ፍርፋሪም ቀድሞ የሚደርሰው ለእሷ ነው።

ውሻ የምታረግዘው 63 ቀን ገደማ ነው። አክስቴ ቀን ስትቆጥር ሦስት ወር አለፈ። «ደሟም አልቆመ፣ ወንድ ውሾቹም ከደጄ አልሄዱ» አለች። ጎረቤቱ «አብሽሪ፣ ትወልዳለች» ይላታል። ቡቺ ሳትወልድ ሞተች።

እዚህ ቨርጂኒያ፣ ጎረቤቴ የሆኑ ሴትዮ ከነውሻቸው ሐኪም ቤት እንዳደርሳቸው ለመኑኝ። የእሳቸውም ውሻ ሆዷ ተነፍቷል። ሐኪሟ መጀመሪያ የጠየቀችው ምን ይመስላችኋል? ደሙ ስንት ሳምንት ቆየ? ወንዶች ይከተሏታል? አክስቴ ሳትጠየቅ የነገረችኝን!

ከዚያ አልትራሳውንድ። ኦቫሪዋ ላይ፣ ማለትም እንቁላል የሚመረትበት አካል ላይ፣ ዕጢ ታየ። አንዳንዱ የኦቫሪ ዕጢ ራሱ ሆርሞን ያመነጫል፤ ደሙ አልቆም የሚለው ለዚህ ነው። መርፌ ወግተው ናሙና አልወሰዱም፤ ዕጢው ካንሰር ከሆነ ሴሉ ሆድ ውስጥ ሊበተን ይችላል። ተሰራጭቶ እንደሆነ ለማየት ደረቷን ራጅ አነሷት። ከዚያ ሁለቱንም ኦቫሪ ከነማህፀኑ አወጡት። የካንሰሩ ዓይነት የታወቀው የወጣው ዕጢ ላቦራቶሪ ሄዶ ነው። ስላልተሰራጨ ኬሞቴራፒ አላስፈለጋትም። ሒሳቡ የሁለት ወር የቤት ኪራዬን ያክላል። እኔ ሳልከፍል ደነገጥኩ።

የሚገርመው፣ በሽታው እዚህ ብዙም አይታይም። አብዛኛዋ ሴት ውሻ ገና በልጅነቷ በቀዶ ሕክምና ትመክናለች፤ ኦቫሪ ከሌለ የኦቫሪ ካንሰር ከየት ይመጣል? የሴትዮዋ ውሻ ለማርባት ተብላ የቀረች ናት። እኛ ጋ ኦቫሪው አለ፣ ዕድሜው የለም። ብዙዎቹን መኪና ወይም መርዝ ይቀድማቸዋል። ቡቺ 9 ዓመት የኖረችው አክስቴ ስለያዘቻት ነው።

እርግጥ ቡቺን ማንም አልመረመራትም። ማህፀኗ መግል ቋጥሮም ሊሆን ይችላል። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴ ላይ የእንስሳት ሕክምና ያስተምራል፤ ከሐይቅ 30 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። የአካባቢው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ግን የሚጠራው ለበሬና ለበግ ነው።

«ለምን አላሳየሻትም?» ብላት «ለውሻ ብዬ? ሰው ምን ይለኛል?» ብላ ሳቀች። ከዚያ ዝም አለች።

ባለፈው ሳምንት ስደውል አዲስ ቡችላ አምጥተውላታል።

«ወንድ ነው» አለችኝ። «ሴት አልፈለግሁም።»